መኪና የማይደርስበት መንገድ

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ከሁለታችን አንዳችን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዳ 22 ዓመት አሳልፏል፤ ሌላዋ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ ትሠራለች። እንዲህ ባለ ቤት መኪና ማለት እንጀራ ነው፤ የቤት ኪራይ ነው፤ ኮምቦልቻ ላሉ ወላጆቻችን በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መኪናን ለመራገም አፋችን አይደፍርም። ነገር ግን የበኩር ልጃችን የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ብስክሌቱን ሲነዳ፣ አንድ መኪና ከመስቀለኛው መንገድ ሳይቆም ወጥቶ መታው። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሰባት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ክንዱ ዳነ። ብስክሌቱ ግን የተጣመመ ጎማውን እንደያዘ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኛም ዳግመኛ እንዲወርድ አልፈቀድንም።

ባለፈው ዓመት ልጁ 16 ሞላው። በግንቦት ወር አንድ ማታ ከእራት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ በብስክሌት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀን። 240 ኪሎ ሜትር መሆኑን ሲነግረን አንዳችን «አይሆንም» አልን፤ አንዳችን «አይታሰብም» አልን። «መንገዱ ላይ እኮ መኪና አይገባም» አለ። አላመንነውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ከእኛ ጋር ማዕድ መቅረብ ቀነሰ። ለሰላት ከኋላ ይቆማል፤ እንዳሰላመተ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በሩን ይዘጋል። አንድ ቃል ክፉ አልተናገረንም። ቢናገረን ኖሮ ይሻል ነበር።

በመስጊዳችን ያሉ አንድ አዛውንት ጉዳዩን ሰምተው፣ «ልጅን እቤት አስቀምጦ ማሳደግ የቻለ ሰው አላየሁም። መንገዱ ደህና መሆኑን ካላመናችሁ ሄዳችሁ እዩት» አሉን። ለነገሩ እርሳቸው ሄዳችሁ እዩት ያሉት በመኪና ሄደን አይተን እንድንመለስ ነበር። በመኪና የማይታይ መንገድ መሆኑን በኋላ ስንነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ እናስረዳችሁ። ስሙ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። በሜሪላንድ ግዛት ከምትገኘው ከከምበርላንድ ተነስቶ የአሌጌኒን ተራሮች አቋርጦ በፔንሲልቬኒያ ገጠር በኩል ፒትስበርግ ይደርሳል። ቀድሞ የባቡር መንገድ ነበር። ከከምበርላንድ እስከ ኮነልስቪል ባለው ክፍል ላይ ይሠራ የነበረው የምዕራብ ሜሪላንድ ባቡር በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ የአካባቢው ሰዎችም ባዶውን መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ለማዋል ተነሱ። የመጀመሪያው ቁራጭ በኦሃዮፓይል አጠገብ የተከፈተው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጨረሻው ቁራጭ ተገጥሞ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መንገድ ለመጨረስ ከአንድ ትውልድ በላይ ፈጀባቸው ማለት ነው።

አብዛኛው ክፍል አስፋልት አይደለም፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጥፎ የተደመደመበት ነው። ኮረኮንች ስንል ግን አገር ቤት የምናውቀው፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ዓይነት አይምሰላችሁ። ጠጠሩ ደቃቅ ነው፤ ጎማ ሲሄድበት እንደሚታኘክ ቆሎ ይሰማል። ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ ያለው ብስክሌት ይበቃዋል፤ ቀጭኑ የእሽቅድምድም ጎማ ግን ከዝናብ በኋላ ይሰምጥበታል።

ተራራማ አገር ሆኖ ሳለ ዳገቱ የማያስጨንቅበት ምክንያት ደግሞ ባቡር ዳገት ስለማይወድ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ተራራውን ከመውጣት ይልቅ መዞርን፣ መብሳትንና ሸለቆውን በድልድይ መሻገርን መርጠዋል። በ100 ሜትር ጉዞ ውስጥ መንገዱ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አይልም። መኪናን በተመለከተም ልጁ እውነቱን ነበር። መንገዱ በየጊዜው አንዳንድ የገጠር መንገዶችን ያቋርጣል፤ እዚያ ወርዶ ግራና ቀኝ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ውጭ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባበትም።

ይህን ካወቅን በኋላ ለልጁ፣ «ከጓደኞችህ ጋር ሳይሆን ከእኛ ጋር ከሆነ እንሄዳለን» አልነው። ፊቱ ላይ ያየነው ደስታ ሙሉ አልነበረም። እኛም ብንሆን በ16 ዓመታችን ከእናትና ከአባት ጋር መንገድ መውጣት አያስደስተንም ነበር። ግን እሺ አለ።

አንድ ችግር ነበር። ከእኛ ታክሲ ነጂው በልጅነቱ ኮምቦልቻ ላይ በሰዓት ሂሳብ ብስክሌት እየተከራየ ነድቷል። እናትየው ግን ተቀምጣበትም አታውቅም። በእኛ ጊዜ ብስክሌት የወንድ ልጅ ጨዋታ ነበር፤ ሸሪዓ ከልክሎት ሳይሆን ልማድ ሆኖ ነው። ስለዚህ በ43 ዓመቷ መማር ጀመረች። ቦታው የመስጊዱ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ፣ ሰዓቱ እሑድ እሑድ ከፈጅር ሰላት በኋላ፣ አስተማሪው ልጁ ነበር። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «ወደ ፊት እይ እማዬ፤ ወደ ጎማው አትይ» ይላታል። በአራተኛው እሑድ ሳይነግራት ለቀቃት። መልቀቁን ያወቀችው ሜዳው ጫፍ ላይ ደርሳ፣ ዞር ስትልና ልጁን ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ ስታየው ነው። ያን ጊዜ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፤ እየሳቀች ተነሳች። ከግንቦት ወዲህ ልጁ በቤታችን ውስጥ ሲስቅ የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ቀን ነው።

ለእህቶች ጥቂት ነገር እንበል። ረጅም ቀሚስ ከሰንሰለትና ከኋላ ጎማ ጋር አይስማማም፤ አደገኛም ነው። ከብዙ ሙከራ በኋላ የተገኘው መፍትሔ ሰፊ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ ታስሮ፣ ከላይ ከጉልበት የሚወርድ ልቅ ያለ ልብስ ሆኖ፣ ከሄልሜቱ ሥር ደግሞ ስስ የጥጥ ሒጃብ መልበስ ነው። ወፍራም ሒጃብ ሄልሜቱን ያነሳዋል፤ የተነሳ ሄልሜት ደግሞ ከጌጥ አይሻልም።

ለስንቅ ቴምር፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዝን። ለስፖርተኞች ልዩ ምግብ እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ሁሉ ቀምሰናል፤ በማር የተበጠበጠ በሶ ያለውን ጉልበት አላገኘንበትም። በየትንንሾቹ ከተሞች ዓሣ፣ እንቁላልና ባቄላ አይጠፋም፤ ለሐላል ምግብ አልተቸገርንም።

ታናናሾቹን ልጆች አክስታቸው ዘንድ ትተን በነሐሴ አንድ ጠዋት ከምበርላንድ ደረስን። ከዋሽንግተን ጀምሮ በብስክሌት እዚያ መድረስም ይቻላል። ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ 297 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት የቦይ ዳር መንገድ አለ፤ እርሱም መኪና አይገባበትም። ለእኛ ግን አንዱ መንገድ ከበቂ በላይ ነበር።

ከከምበርላንድ ሲወጡ የመጀመሪያው 38 ኪሎ ሜትር ሁሉ ዳገት ነው። ለዘብ ያለ ዳገት ነው፤ ግን አያልቅም። እስከ ፍሮስትበርግ ድረስ ለጎብኚዎች የሚሠራ ባቡር አጠገብ ለአጠገብ ይሄዳል። ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ቡኻሪም እንዳሰፈሩት፣ ሰሓቦች በጉዞ ላይ ከፍታ ሲወጡ ተክቢራ፣ ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ ነበር። ይህን ሱና በመኪና ስንጓዝ አስበነውም አናውቅም፤ መኪና ዳገቱን ለእኛ ስለሚወጣልን ዳገት መሆኑንም አንሰማውም። በብስክሌት ላይ ግን እግር ያውቀዋል። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ «አላሁ አክበር» እያልን ስንወጣ፣ ትንፋሻችንም ቃሉም በአንድ ልክ መሄድ ጀመሩ። ልጁ ከፊታችን ነበር። ይል ይሆን፣ አይል ይሆን፣ አልጠየቅነውም።

ከፍሮስትበርግ አለፍ ብሎ ሜሪላንድ አብቅቶ ፔንሲልቬኒያ የሚጀምርበት ምልክት አለ። ሜሰንና ዲክሰን የተባሉ ሁለት ቀያሾች ከ1763 እስከ 1767 እ.ኤ.አ. የለኩት መስመር ነው። ልጁ እዚያ ቆሞ ጠበቀንና በትምህርት ቤት የተማረውን ነገረን። ከመስመሩ በስተሰሜን ፔንሲልቬኒያ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ ያወጣችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በስተደቡብ በሜሪላንድ ግን እስከ 1864 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። እኛ በበኩላችን እርሱ ያልሰማውን ነገርነው። በ1730ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሜሪላንድ በባርነት የመጣ አዩብ ሱለይማን ዲያሎ የሚባል ሙስሊም ነበረ። ለሰላት ወደ ጫካ ገለል ሲል አንድ ልጅ እየተከተለ ያሾፍበት፣ ፊቱ ላይም አፈር ይበትንበት ነበር። ሸሽቶ ተይዞ ታሰረ፤ በኋላ አላህ መንገድ ከፍቶለት በእንግሊዝ በኩል ወደ አገሩ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተመለሰ። ልጃችን ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ ድንጋዩን አየ። ከዚያ ኮምፓሱን አወጣ። ቂብላው ከዚህ አገር ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑ አዲስ ለመጣ ሰው ሁልጊዜ ያስገርመዋል። ሙሳፊር በመሆናችን ዙህርንና ዐስርን አሳጥረንና አቆራኝተን ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ሰገድን። ሁለት ሽማግሌዎች ብስክሌታቸውን እየነዱ አለፉ፤ እጃቸውን አነሱልን። አፈር የበተነብን የለም። በየትኛውም የገጠር መንገድ እንዲሁ ይሆናል ብለን ለማንም ዋስ አንሆንም፤ የገጠመንን ብቻ ነው የምንናገረው።

ቀጥሎ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ አለ። ተራራውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይበሳዋል። በ1912 እ.ኤ.አ. ለባቡር ተከፍቶ፣ ለብስክሌት መንገድነት ታድሶ የተከፈተው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ በብርዱ ወራት በሮቹ ይዘጋሉ። መብራት አለው፤ ግን ደብዛዛ ነው፤ በነሐሴም ቢሆን እንደ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ዋሻው ውስጥ የልጁ ጀርባ ከአንዱ አምፖል ወደ ሌላው ሲሸጋገር እያየን፣ ብርሃኑ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር አክሎ ሲጠፋ፣ ከእኛ አንዳችን ስሙን ጮኸ ብሎ ጠራ። ድምፁ ተመልሶ ወደ እኛው መጣ።

ከዋሻው ጥቂት አለፍ ብሎ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ 729 ሜትር። ከዚህ ነጥብ በአንዱ ጎን የሚወርደው ዝናብ በፖቶማክ በኩል ወደ አትላንቲክ ይሄዳል፤ በሌላው ጎን የሚወርደው በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች አድርጎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ከዚህ በኋላ እስከ ፒትስበርግ ያለው 200 ኪሎ ሜትር በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ተክቢራችንን ወደ ተስቢሕ ለወጥን።

የመጀመሪያውን ሌሊት ማየርስዴል ላይ አደርን። ከከተማይቱ አጠገብ የካስልማንን ሸለቆ የሚሻገር 580 ሜትር ያህል የሚረዝም አሮጌ የባቡር ድልድይ አለ። ከሥሩ ወንዝ፣ የእርሻ ማሳ፣ ሐዲድና የመኪና አውራ ጎዳና ያልፋሉ። ከእኛ ታክሲ ነጂው ድልድዩ መሐል ላይ ብስክሌቱን አስደግፎ ከበታቹ የሚከንፉትን መኪኖች ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። «ከዚህ ሲታዩ ድምፅ እንኳ የላቸውም» አለ። በሁለተኛው ቀን ወንዙን ተከትለን ስንወርድ ዋልን፤ ስለዚያ ቀን ይህን ያህል የምንለው የለም፤ ዛፍ፣ ውኃ፣ ጠጠር፣ አንድ ሁለት አጋዘን። ማታ ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ኮንፍሉዌንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። የስሟ ትርጉም «መገናኛ» ነው፤ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ፣ «እስከ ኦሃዮፓይል ብቻዬን ልሂድ፤ ድልድዩ ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለ። 17 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በእኛ እግር ልክ እየተጎተተ፣ በየምዕራፉ ቆሞ እየጠበቀ ነበር የመጣው። ተያየን። ከሁለታችን ማን አስቀድሞ «ሂድ» እንዳለ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሄደ።

እኛ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። የውስጥ ጎማ መለዋወጫ ይዘናል፤ መቀየሩን ግን የሚያውቀው ልጁ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ኦሃዮፓይል ስንደርስ 6 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድልድዩ አለ። ልጁ የለም።

የያኮጌኒ ወንዝ እዚያ ቦታ ላይ ኃይለኛ ነው። ድልድዩን አለፍ ብሎ በአንድ ወገን የሚወረወር ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው በታች በላስቲክ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች ከመላው አገር የሚመጡለት አረፋ የሚደፍቅ ውኃ ነው። ስልካችን አልሠራ አለ። መጀመሪያ «ለመብላት ሄዶ ይሆናል» አልን። አንዳችን ከብስክሌቶቹ ጋር ድልድዩ ላይ ቀረን፤ አንዳችን ወደ ከተማው ወረድን። ከተማ የምንለው ጥቂት ቤቶችን ነው፤ ሁሉንም ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አላዩትም። ከዚያ ወደ ፏፏቴው። በድንጋዮቹ ላይ ልጆች ተቀምጠው እግራቸውን ይነክራሉ። አረንጓዴ ሄልሜት ያደረገ ልጅ አይታችኋል? አላየንም። አንድ ሰዓት አለፈ። መንገዱ ላይ መኪና እንደሌለ አምስት ጊዜ ለራሳችን ነገርን። ለካስ ፍርሃት መኪና ብቻ አይደለም የሚጭነው፤ መኪና ከሌለ ውኃ ያገኛል፤ ውኃ ከሌለ ገደል ያገኛል። ድልድዩ ላይ የቀረችው እናት «ያ ሐፊዝ» ከማለት በቀር ቃል አልነበራትም።

አንዲት ብስክሌተኛ ሴት ከወዲያኛው አቅጣጫ መጥታ ሁኔታችንን አይታ ቆመች። ነገርናት። «የሚቀጥለው ድልድይ ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል፤ እኔንም ወላጆቼን አይተሻል ወይ ብሎ ጠይቆኛል» አለችን። የሚቀጥለው ድልድይ! ወንዙ እዚያ ቦታ ጉልበት እንደሚታጠፍ ሆኖ ይታጠፋል፤ መንገዱ አንዱን ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል፤ በሁለቱ ድልድዮች መካከል አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ልጁ በፎቶግራፍ ያየው ሁለተኛውን፣ ከፍ ያለውን ነበር። እኛ «ድልድዩ» ያልነው ፊታችን የተገኘውን ነበር። እርሱ ከሦስት ሰዓት በላይ እዚያ፣ እኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እዚህ ስንጠባበቅ ቆየን።

ደረስን። ተቀምጦ ነበር፤ ተነሳ። ከእኛ አባትየው አፉን ሲከፍት የወጣው ምስጋና አልነበረም። «ካለህበት ተነስተህ ብትመለስ ምን ነበር? እናትህን ልትገድላት ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እጠብቃችኋለሁ ያልኩበት ቦታ ስጠብቅ ነበር። ከዚህ ብንቀሳቀስ ደግሞ ለምን ተንቀሳቀስክ ትሉኝ ነበር» አለ። እውነት ነው፤ እንል ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን አልጠበቅነውም።

«አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቃችሁ። እኔ እኮ አንተን በየሌሊቱ ነው የምጠብቅህ፣ አባዬ።»

አልገባንም። «መኪና ከመታኝ ቀን ጀምሮ» አለ፤ «አንተ ሌሊት በር ከፍተህ እስክትገባ ድረስ ተኝቼ አላውቅም። አንዳንዴ 8 ሰዓት ትገባለህ። አንዳንዴ 9 ይሆናል። እኔን ከብስክሌት ከለከላችሁኝ። አንተን ማን ይከለክልሃል?»

ውድ አንባቢያን፣ ለአምስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረናል። የልጁ ክፍል ከደረጃው ጫፍ ላይ ነው። በሩ ሥር የሚታየውን መብራት ብዙ ሌሊት አይተነዋል። በስልኩ እየተጫወተ ነው ብለን ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል! ጠዋት ለፈጅር ሲቀሰቀስ እንደ ድንጋይ መክበዱን የኢማን ድክመት አድርገን ለአዛውንቱ ሳይቀር አማክረናል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር።

ድልድዩ ላይ የመለስንለት ምንም ነገር የለም። የምንመልሰው አልነበረንም። የሌሊት ሥራውን ዛሬ እንተዋለን ብንል ውሸት ይሆናል፤ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በእርሱ ነው። እናትየው የልጁን ሄልሜት አውልቃ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ አልሸሸም። ዙህር ገብቶ ነበር። ከድልድዩ ወርደን ውዱእ አደረግን። ቤት ውስጥ የሚያሰግደው ሁልጊዜ አባትየው ነው፤ በዚያን ቀን ግን ድምፁ አልወጣ ስላለው ልጁን በእጁ ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ልጁ ሁለት ረከዓ አሰገደን።

ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ አጠር አድርገን እንጨርስ። ማታ ኮነልስቪል፣ በማግሥቱ ዌስት ኒውተን አደርን። በአምስተኛው ቀን የድሮ የብረት ማቅለጫ ከተሞችን እያለፍን ሁለት ወንዞች ተገናኝተው የኦሃዮን ወንዝ ወደሚፈጥሩበት ወደ ፒትስበርግ ጫፍ ደረስን። ወደ ከተማው ስንጠጋ ጠጠሩ በአስፋልት ተተካ፤ የመኪና ድምፅም ተመለሰ። ከእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ልጁ ብዙውን ጊዜ ከፊታችን እየራቀ፣ ከዓይናችን እየጠፋ ነው የሄደው። የምንገናኝበትን ቦታ በስሙ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ባለው የርቀት ምልክት ቁጥር መነጋገርን ተምረናል። «ድልድዩ ጋ» ማለት ቀርቷል።

በጉዞው ላይ ደጋግመን ያነሳነው አንድ አሳብ ነበር። በአገራችንም ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የምድር ባቡር አለ፤ አዲሱ መስመር በ2016 እ.ኤ.አ. ከመመረቁ አስቀድሞ ብዙው ክፍሉ ባቡር የማይሄድበት ሆኗል። ሙቀቱ፣ ርቀቱ፣ ሌላም ሌላም ችግር እንዳለ እናውቃለን። ቢሆንም ልጆች መኪና ሳይፈሩ የሚነዱበት 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢገኝበት ብለን ተመኘን። ምኞት አይከለከልም።

ልጁ ዘንድሮ ከጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ነው፤ ያለ እኛ። ፈቅደናል። እናትየው ከመስጊዳችን ሁለት እህቶችን እሑድ ጠዋት ብስክሌት እያስተማረች ነው፤ ኮርቻ ይዛ የምትሮጠው አሁን እርሷ ናት።

ታክሲ ነጂው ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌሊት መሥራቱን አልተወም። ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በኋላ ግን ለልጁ የት እንዳለ በስልክ አንድ ቃል ይልካል፤ «ቦልቲሞር»፣ «አየር ማረፊያ»፣ «እየመጣሁ ነው»። ቤት ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ደረጃውን ይወጣል፤ የልጁን በር በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ከውስጥ አንድ ጊዜ ይመለስለታል። ብዙ ሌሊት ግን አሁን ምንም አይመለስም፤ ልጁ ተኝቷል።